ከዙሪክ እስከ ጄኔቫ፦ አያትና የልጅ ልጅ በሰው ቋንቋ

የ2018 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን ቤቴ አክብሬ በሳምንቱ ወደ ስዊዘርላንድ በረርኩ። ልጄ ከባሏና ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር ዙሪክ ከተማ ትኖራለች። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ነይ ስትለኝ፣ አንዴ የጉልበቴ ነገር፣ አንዴ የቪዛው ነገር እያልኩ ሳልሄድ ቆይቼ ነበር። በመጨረሻ ተሳካና በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ቡናዬን ሸክፌ፣ ለልጅ ልጄ ደግሞ የፊደል ገበታ በወፍራም ወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ልጁ ከሩቅ አይቶኝ እየሮጠ መጣ። «ሃይ ግራንድማ!» ብሎ ወገቤ ላይ ተጠመጠመ። እኔም ጉንጩን እያገላበጥኩ ሳምኩና «የኔ ጌታ፣ እንዴት አደግክልኝ!» አልኩት። ፈገግ ብሎ ወደ እናቱ ዞረ። ምን እንዳልኩ እንድትነግረው ነው። በስልክ ስንነጋገር መሀል ላይ ሁልጊዜ እናቱ ስላለች ነገሩ አይታወቀኝም ነበር። እዚያ ቆሜ ነው፣ የልጄ ልጅ እኔን የሚሰማኝ በአስተርጓሚ መሆኑን በደንብ ያየሁት።

ልጄን መውቀስ አምሮኝ ነበር። ግን ወቀሳው ዞሮ ወደ ራሴ መጣ። አዲስ አበባ ሳለች እንግሊዝኛ ይችላሉ በሚባል የግል ትምህርት ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። በዚያ ግቢ አማርኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ ሳንቲም ይቀጣ ነበር። ቅጣቱን ከደመወዜ እየቆጠርኩ ስሰጣት አልተቆጣሁም፤ «ጎሽ፣ እንዲህ ነው ትምህርት ቤት» ነበር ያልኩት። አሁን ቤታቸው ውስጥ አማቼ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ልጄ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ በጀርመንኛ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት የዙሪኮችን ጀርመንኛ ያቀላጥፋል፤ ማታ ሦስቱ ሲገናኙ እንግሊዝኛ ያወራሉ። አማርኛ የሚነገረው ባልና ሚስት ልጁ እንዳይሰማቸው የፈለጉት ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

ዙሪክ ውብ ከተማ ናት። ሊማት የሚባለው ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ መሀል ከተማዋን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ውሃው ታቹ ድረስ ይታያል። ትራሙ በደቂቃው ይመጣል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላም ትዝታ አላት። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበሩት መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1916 እ.ኤ.አ. ያረፉት በዚህች ከተማ ነው። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ወደ ሸዋ መጥተው አማርኛ ተምረው፣ በጂቡቲው የባቡር መስመር ሥራ ውስጥ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ናቸው። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ፣ የስዊዝ ሰው አማርኛ ተምሮ ከንጉሥ ጋር ሲያወራ፣ የእኔ የልጅ ልጅ ከእኔ ጋር ማውራት አቃተው ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ልጄ የሌሊት ተረኛ ነበረች፤ አማቼ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ልጁ ሆዱን ይዞ እያለቀሰ ወደ አልጋዬ መጣ። «ምን ሆንክ? የት ጋ ነው?» አልኩት። አልገባውም። በእንግሊዝኛ ጠየቅኩት። «ኢት ኸርትስ» አለኝ። እንዴት አድርጎ ነው የሚያምህ? «ኢት ኸርትስ።» ሌላ ቃል የለም።

ከ35 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የበሽታውን ግማሽ የሚነግረን ራሱ ታማሚው መሆኑን ነው። በአማርኛችን ሆድ ይቆርጣል፣ ይነፋል፣ ያቃጥላል፣ ይጮኻል። ጎን ይወጋል። ራስ ይፈልጣል። ጥርስ ይጠዘጥዛል። ቁስል ይለበልባል። አጥንት ይቆረጥማል። «ይወጋኛል» ያለኝን ሰውና «ይቆርጠኛል» ያለኝን ሰው አንድ ቦታ አልፈልግም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? የእኔ ልጅ ግን አልደበቀም፤ የሚናገርበትን ቃል አልሰጠነውም።

ሐሳቤ ወደ ትርፍ አንጀት ሄደ። ከእምብርት አካባቢ ተነስቶ ወደ ቀኝ ወደ ታች የሚወርድ ሕመም እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ሆዱን በእጄ እየዳበስኩ ፊቱን አየሁ፤ ትኩሳቱን ለካሁ፤ የለውም። ቢሆንም ልቤ አላረፈምና ልጄ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ሰጠሁት። ያ ከእኔ ጋር ሁለት ቃል ብቻ የነበረው ልጅ፣ በጀርመንኛ እንደ ጉድ ማውራት ጀመረ! ልጄ ተቀብላ «እማዬ፣ ይቆነጥጠኝና ደግሞ ይለቀኛል ነው የሚለው። ሁለት ቀን ሙሉ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት መሄድ አፍሮ ይዞታል፤ ማታ ደግሞ ብዙ ፕሪም በልቷል» አለችኝ። ለብ ያለ ውሃ ሰጠሁት፣ ሆዱን አሸት አሸት አደረግኩለት፤ ጥቂት ቆይቶ ሽንት ቤት ገባና ተገላገለ። እሱ ተኛ። እኔ ግን እስኪነጋ ዓይኔን አልከደንኩም።

በማግስቱ ለጥንቃቄ የሕፃን መድኃኒት ልንገዛ ፋርማሲ ሄድን። ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ልማዴ ነው። ወረቀቱ ሦስት ቋንቋ ነበረው፦ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ። እንግሊዝኛ ፈልጌ አጣሁ። ልጄን ስጠይቃት «እዚህ ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ታማሚው የሚያነበው ወረቀት በሦስቱ የአገሩ የሥራ ቋንቋዎች መሆን አለበት» አለችኝ። ቤት ስመለስ ወተቱን አየሁ፣ ዱቄቱን አየሁ፤ ሁሉም እንደዚያው ነው። የብር ኖታቸው ላይ ደግሞ አራተኛው ቋንቋቸው ሮማንሽ አለ። ከዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ውስጥ ሮማንሽ ተናጋሪው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1938 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎታል።

ያንን ወረቀት ይዤ የቆየሁት በምክንያት ነው። እስካሁን ለቤተሰቤ እንኳ ያልነገርኩት ታሪክ አለኝ።

ገና ወጣት ነርስ ሳለሁ፣ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ አንዲት እናት የሳንባ ምች ያለበት ሕፃን ይዛ መጣች። አሞክሳሲሊን ታዘዘለት። ለሕፃናት የሚሰጠው በጠርሙስ ውስጥ ያለ ዱቄት ነው፤ ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጨምሮበት ይበጠበጣል። ወረፋው ረጅም ነበር፤ እኔም ችኩል። «ሰስፔንሽን ነው፤ በደንብ ሼክ አድርገሽ በቀን ሦስቴ ስጪው» አልኳትና ቀጣዩን ጠራሁ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ሕፃኑ ትንፋሹ ተፋጥኖ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ነበር። ጠርሙሱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አሳየችኝ። ዱቄቱ እንዳለ ነው፤ ውሃ አልነካውም። «እንዳሉኝ አደረግኩ ሲስተር፤ በደንብ ነቀነቅኩት፤ ከዚያ በጣቴ እየነካሁ አላስኩት» አለችኝ። ያልኳትን አድርጋለች። ያልነገርኳት እኔ ነኝ። ሕፃኑን ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ያቺ እናት ግን አልወቀሰችኝም፤ አመስግናኝ ሄደች። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ምስጋናዋ ነው።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ስሰጥ ሁልጊዜ «እስቲ እንዴት እንደምትሰጪው መልሰሽ ንገሪኝ» እላለሁ። አርሲ ስመደብ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ስለማልችል፣ ታማሚውን የምታስረዳልኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። የስንቱን ሰው ሕይወት እንዳዳነች እሷም አታውቀውም፤ ደመወዟ ላይ የተጨመረ ነገርም አልነበረም።

ወደ ዙሪክ ልመለስ። የልጄ ጎረቤት በእኔ ዕድሜ ያሉ የአገሩ ተወላጅ ናቸው። ቡና ስናፈላ ሽታው ይጠራቸዋል። በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው፤ የሁለታችንም የተኮላተፈ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን። እሳቸው በልጅነታቸው፣ እንደ ብዙ የጊዜው የጀርመንኛው ክፍል ልጃገረዶች፣ አንድ ዓመት ፈረንሳይኛ ወደሚነገርበት ክፍል ሄደው ሰው ቤት እያገለገሉ ቋንቋውን ተምረዋል። «ያኔ የአገሬን ሰው በቋንቋው ማናገር ግዴታ ነበር» አሉኝ። ያናደዳቸው ነገር ነበር። እኔ ከመድረሴ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ የዙሪክ ካንቶን ምክር ቤት ፈረንሳይኛ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ወጥቶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ እንዲሸጋገር ድምፅ ሰጥቷል። ካንቶን ማለት እንደ እኛ ክልል ነው፤ 26 ናቸው፤ ትምህርት በእነሱ እጅ ነው። እንግሊዝኛው ግን ባለበት ይቀጥላል። «ለልጆቹ በዛባቸው» ነው ምክንያቱ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ተቆጡ። የፌዴራሉ መንግሥትም ሁለተኛ ብሔራዊ ቋንቋ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ ለማዘጋጀት ተነሳ።

ይህን የሰማሁ ሰሞን ቅዳሜ ጠዋት ጄኔቫን ልናይ በባቡር ተሳፈርን፤ ልጄ፣ የልጅ ልጄና እኔ። ከዙሪክ ጄኔቫ ከሦስት ሰዓት ያነሰ ጉዞ ነው። ባቡሩ ጎኑ ላይ ሦስት ስም ተጽፎበታል፤ የምድር ባቡር ድርጅቱ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ያለው አህጽሮት ነው። ከፊት ለፊታችን የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ወጣቶች ተቀመጡ። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ውትድርና ግዴታው ነው፤ ቅዳሜ ፈቃድ ወጥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አንደኛው ስልክ ሲደወልለት በጀርመንኛ አወራ። ሌላኛው ሲደወልለት በፈረንሳይኛ። ስልኩን ሲዘጉ ግን እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ስለ ካምፑ ምግብ፣ እግራቸውን ስላቆሰለው ጫማ። የአንድ አገር ልጆች፣ አንድ ባንዲራ ትከሻቸው ላይ ያለ፣ በሦስተኛ ሰው ቋንቋ! ጎረቤቴ ያሉኝ ይኼ ነው አልኩ። ደግሞ ሲሳሳቁ አየሁና፣ ዝም ተባብለው ከሚቀመጡ ይኼ ይሻላል አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው።

ከበርን ከተማ በኋላ ባቡሩ ሳሪን የሚባለውን ወንዝ በረጅም ድልድይ ይሻገራል። ታች ጥልቅ ገደል ነው። የአገሩ ሰዎች ይህን አካባቢ በቀልድ «የሮሽቲ ገደል» ይሉታል፤ ሮሽቲ ማለት ድንች ተፍቆ የሚጠበስ የጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ምግብ ነው። ከገደሉ ወዲያ ፈረንሳይኛ ነው። እውነትም ፍሪቡርግን ስናልፍ የባቡሩ ማስታወቂያ ጀርመንኛውን ትቶ በፈረንሳይኛ ጀመረ። የልጅ ልጄ ጆሮውን አቁሞ አዳመጠና «አሁን እኔም አልገባኝም» አለ በእንግሊዝኛ። «አየህ» አልኩት፣ «እኔ በየቀኑ እንደዚህ ነኝ።» እናቱ ተረጎመችለት። አፈረ መሰለኝ፣ መጥቶ ጭኔ ላይ ተቀመጠ።

ሎዛን ከመድረሳችን በፊት ከዋሻ ስንወጣ ሐይቁ በአንዴ ከፊታችን ተዘረጋ። ከበታቹ የወይን እርሻ በድንጋይ እርከን ተደርድሮ እስከ ውሃው ይወርዳል። ላቮ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የኮንሶ እርከን ትዝ አለኝ፤ እሱም በ2011 ተመዝግቧል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደረ አፈሩን ያቆየው ሰው በየትም አገር አንድ ነው።

ጄኔቫ ስንደርስ መጀመሪያ የፈለግኩት የተባበሩት መንግሥታትን ቅጥር ነው። በሩ ፊት ለፊት አንድ እግሩ የተሰበረ ግዙፍ የእንጨት ወንበር ቆሟል፤ በፈንጂ እግራቸውን ላጡ ሰዎች መታሰቢያ ነው። እዚያ ሥር አረፍ ብለን ለልጅ ልጄ አንድ ታሪክ ነገርኩት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በዚህች ከተማ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ ፋሽስት ኢጣሊያ በሕዝባቸው ላይ የመርዝ ጋዝ ማዝነቧን ተናገሩ። የማኅበሩ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነበሩ። እሳቸው ፈረንሳይኛ አሳምረው ይችላሉ። የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያውኳቸው ሞከሩ። እሳቸው ጸጥ እስኪል ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ቀጠሉ።

ልጁ በእናቱ በኩል ጠየቀኝ፤ «ታዲያ ሰዎቹ እንዴት ገባቸው?»

«አስተርጓሚ ነበራቸው።»

«እኔም አስተርጓሚ አለኝ» አለና እናቱን ቀና ብሎ አያት።

«ያን ቀን ሌሊት እናትህ ባትኖርስ?» አልኩት። ልጄ ይህንን ለመተርጎም ትንሽ ቆየች። ስትተረጉመውም ድምጿ ተለወጠ።

አንባቢ ሆይ፣ እንግሊዝኛን የምጠላ እንዳይመስልህ። በእኛ ጊዜ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነበር የተማርነው። ዲፕሎማዬን ያገኘሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ የታማሚ ካርድ የሞላሁት፣ ልጆቼን ያበላሁት በዚያው ነው። የመድኃኒት ስም በአንድ ቋንቋ መጻፉም ባለሙያ ከባለሙያ እንዳይሳሳት ይጠቅማል። የአገራችን ፖሊሲም ቢሆን በወረቀት መጥፎ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ትምህርት እንዲጀምር ይል ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል እውቅና አላቸው ይላል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ወስኗል። ግን ፖሊሲ መድኃኒቱን እስከ ታማሚው እጅ ድረስ አያደርሰውም። እሱ የእኛ የባለሙያዎች ሥራ ነው። ልጅን ማታ አቅፎ ማናገርም የሚኒስትር ሥራ አይደለም፤ የወላጅና የአያት ነው።

ከስዊዞቹ አንድ ነገር ይዤ መጣሁ። እንግሊዝኛው ከሩቅ ሰው፣ ከገበያና ከቢሮ ጋር ያገናኛቸዋል፤ በዚያ ላይ እርስ በርሳቸው ይጨቃጨቃሉ፣ ገናም ይጨቃጨቃሉ። የመድኃኒቱ ወረቀት ግን እናትየው በምታነበው ቋንቋ ነው። ሰው ሲያመው፣ ሲፈራ፣ ሲያዝን የሚናገርበትን ቋንቋ አልተዉትም። እኛ ግን ተቃራኒውን እያደረግን ነው። ልጆቻችን ሒሳቡን በእንግሊዝኛ ይችሉታል፤ «አዘንኩ» የሚሉበት ቃል ግን የላቸውም።

መድኃኒት አዛዥ አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ግን ብዙ ወላጆች «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያዘገየዋል» ሲሉ እሰማለሁና ልንገራችሁ፤ አያዘገየውም። ቃላት ቢያደባልቅ ጤነኛ ነው፤ እያደገ ሲሄድ ይለያቸዋል። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤቱና ቴሌቪዥኑ ይሰጡታል። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን፣ ጉራጊኛውን ግን ከእናንተ በቀር ማንም አይሰጠውም። አያቶችም ብንሆን በተኮላተፈ እንግሊዝኛ ልናስደስታቸው ከመጣር፣ በገዛ ቋንቋችን ታግሰን ብናወራቸው ይሻላል። መጀመሪያ አይገባቸውም። ደጋግመን ነው። ፊደል ከማስቆጠራችሁ በፊት ደግሞ የሕመምን ቃል አስተምሯቸው። የትም ብትሆኑ፣ ሌሊት ላይ የምትፈልጉት እሱን ነው።

እኔና የልጅ ልጄ ከጄኔቫ ከተመለስን በኋላ በቀን አምስት ቃል ተስማማን። እንደ ጨዋታ ነው ያደረግነው፤ እኔ ታማሚ እሆናለሁ፣ እሱ ሐኪም። «ምን ሆኑ?» ይላል። «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዶክተር» እላለሁ። መጥረቢያ እንደያዘ ሰው እጁን ያነሳና ይስቃል። «ግራንድማ» ማለቱን ግን አልተወም፤ እኔም አላስገደድኩትም። የፊደል ገበታውን አልጋው አጠገብ ለጠፍንለት። ልጄም ማታ ማታ ከእኛ ጋር ትቀመጥ ጀመር።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ በየእሑዱ እንደዋወላለን። ደንባችን አንድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች እናቱ አትገባም። አንዳንዴ አሥሩም ደቂቃ በ«እሺ»ና በ«ደህና» ያልቃል። ባለፈው እሑድ ግን ስልኩን እንዳነሳሁ «ከብስክሌት ወደቅኩ» አለኝ።

«እኔን! ምንህን ተመታህ?»

«ጉልበት። ደም አለ ነበር።»

«አሁንስ እንዴት ነው?»

ዝም አለ። እያሰበ ነው። እናቱ ከጎኑ ልትነግረው ስትሞክር «ኖ፣ ኖ» ሲላት ይሰማኛል።

«ይለበልበኛል» አለኝ በመጨረሻ።

በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠበው፣ አታክከው፣ ነገ ምን እንደመሰለ ትነግረኛለህ አልኩት። እናቱ አልተረጎመችም። «እሺ» ብሎ ሄደ፤ ውሃው ሲከፈትም በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።